164 ወይስ 19? የአንድ የኮሙኒኬሽን ምሁር ሥራ በምን ይመዘን?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባል ነኝ። ለዕድገት ያመለከቱ አንድ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን መምህር አሉ። ጉግል ስኮላር 164 ሳይቴሽንና ኤች ኢንዴክስ 6 ያሳያል። ስኮፐስ ላይ ያገኘነው ግን ሦስት ጽሑፍና 19 ሳይቴሽን ብቻ ነው። ከጤና ሳይንስ የመጡት አባላችን ‹በእኛ ዘንድ ይህ የጀማሪ ቁጥር ነው› ብለው ፋይሉ ይመለስ ይላሉ። የትኛውን ቁጥር እንመን? የጽሑፎቹን ዝርዝር አያይዤ ልኬያለሁ።»

ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የቆጠሩት ነገር ነው የሚለያየው። ሳይቴሽን ማለት አንድ ሥራ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ጊዜ ብዛት ነው። ስኮፐስ ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው ዳታቤዝ ሲሆን አንድ ጆርናል የሚገባበት በአጣሪ ቦርድ ተመርምሮ ሲፈቀድለት ነው። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ጉግል ስኮላር እንዲህ ያለ ቦርድ የለውም፤ ማሽኑ ድረ ገጽ ላይ ጥናት የሚመስለውን ሁሉ ይለቅማል፤ ጆርናሉንም፣ መጽሐፉንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የጉባኤ ወረቀቱንም። ስለዚህ 19 ማለት ስኮፐስ በር ውስጥ ያሉ ጽሑፎች፣ እዚያው በር ውስጥ የገቡትን ሦስት የመምህሩን ጽሑፎች 19 ጊዜ ጠቅሰዋል ማለት ነው። ከበሩ ውጭ የቀረውን ሥራ አይመለከትም።

ኤች ኢንዴክሱን በራሳቸው ዝርዝር ላይ እንየው። የተጠቀሱት ሥራዎች 15 ናቸው። ከብዙ ወደ ጥቂት ሲደረደሩ 58፣ 31፣ 22፣ 14፣ 9፣ 7፣ 5፣ 4፣ 4፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 ይሆናሉ፤ ድምሩ 164 ይመጣል። ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚያስተምሩት የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። ከላይ እየቆጠሩ ይወርዳሉ። ስድስተኛው ጽሑፍ 7 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከተራ ቁጥሩ አላነሰም። ሰባተኛው የተጠቀሰው 5 ጊዜ ነው፤ ከተራ ቁጥሩ አነሰ። እዚያ ይቆማሉ፣ ውጤቱም 6 ይሆናል። አናት ላይ ያለው ጽሑፍ ነገ 500 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ 6 ከ6 ፈቅ አይልም። መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከባድ ፍርድ ነው፤ ዐሥር ዓመት የፈጀ መጽሐፍም የሁለት ወር አጭር ጽሑፍም በዚህ ሒሳብ እኩል አንድ አንድ ተራ ይይዛሉ።

አሁን ከቁጥሩ ወደ ሥራው እንውረድ። ባለ 58ቱ ጽሑፍ መምህሩ ከስምንት የጤና ባለሙያዎች ጋር ስለ ጤና መልእክት የጻፉት ነው። ከባለ 1ዎቹ አንዱ ብቻቸውን በአማርኛ ያዘጋጁት፣ ስለ ሬዲዮ ዜና ቋንቋ የሚናገር የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው። ሁለቱንም አንብቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጨዋ፣ በሥርዓት የተሠራ ጥናት ነው፤ የብዙ ሰው እጅ አለበት፣ የጠቀሱትም በአብዛኛው የጤና ተመራማሪዎች ናቸው። ሁለተኛው ግን አማርኛን ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው የሰማ ሰው ብቻ የሚያነሳውን ጥያቄ ያነሳል፦ ዜናችን ለምን «ተገለጸ» እያለ ያልቃል? ገላጩ የት ሄደ? የእርሳቸውን የምሁርነት ክብደት እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አየሁት። መለኪያው 1 ብሎታል።

የጤና ሳይንሱ ባልደረባዎ የተናገሩት ስለራሳቸው ዘርፍ እውነት ነው። እዚያ ጽሑፍ በብዙ እጅ ይሠራል፣ በፍጥነት ይታተማል፣ የዋቢው ዝርዝርም ረጅም ነው። ኮሙኒኬሽን ውስጥ አንድ ሰው ለብቻው ቃለ መጠይቅ ሰብስቦ፣ ገልብጦ፣ ተርጉሞ፣ ተንትኖ አንድ ጽሑፍ ለማውጣት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ያ ጽሑፍ ሰው እጅ ገብቶ እስኪጠቀስ ደግሞ ሌላ ዓመታት ያልፋሉ። የሁለቱን ዘርፍ ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የጤፍን ምርትና የቡናን ምርት በኩንታል ብቻ ማወዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣው፣ ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የሚናገረው የላይደን ማኒፌስቶ ካስቀመጣቸው ዐሥር መርሆች ስድስተኛው የዘርፎች ልዩነት ይታሰብ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምር ልቀት እንዲጠበቅ ያዝዛል። ሁለቱን መርሆች አትማችሁ ለኮሚቴው ብታስቀምጡ ክርክሩ ያጥራል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ያልኩትን በዘርፉ ያለ ሁሉ ይናገረዋል። እኔ በቤተ መጻሕፍት ሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት፣ በእኛ አገር ምሁር ላይ በተለይ የሚደርስ ሌላ ጉድለት አለ፤ ብዙ የምጽፈውም ስለ እርሱ ነው።

ከስም ልጀምር። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም መለያ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭው ሥርዓት ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም ይዞ መዝገብ ይከፍታል፣ የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራል። ምሁሩ የሚፈለጉት በአባታቸው ስም ይሆናል። አንዱ ጆርናል የአያት ስም ጨምሩ ሲል ደግሞ መዝገቡ በአያት ይከፈትና አባት መሃል ገብቶ በአንድ ፊደል ይቀራል። በዚህ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ «ቲ» እና «ኤስ» በተባሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራል፣ አንዳንዴ በ«ኤስ» ብቻ፤ መጨረሻውም አንዴ «ዋይ» አንዴ «አይ» ነው። የእርስዎን መምህር ስም በዝርዝሩ ውስጥ በሦስት አጻጻፍ አግኝቼዋለሁ። ስኮፐስ ላይ ያያችሁት ባለ ሦስት ጽሑፍ መዝገብ የአንዱ አጻጻፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩትን ሁለቱን ፈልጋችኋል?

የአማርኛ ጽሑፍ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ተማሪ በአማርኛ ሲጽፍ ዋቢውን በመምህሩ ስም ከነአባታቸው ያሰፍራል፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በአባታቸው ስም። ለማሽኑ እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ዓመቱም እንዲሁ፦ በእኛ አቆጣጠር 2012 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. 2012 ተብሎ ይመዘገባል። ጉግል ስኮላር ከጠቅላላው ድምር ጎን የቅርብ ዓመታትን ሳይቴሽን ለብቻ ያሳያል፤ ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ወደ ኋላ የተጎተተበት ጽሑፍ የቅርቡ ሥራ የድሮ ይመስላል፣ የጠቀሰው ጽሑፍም ከቅርቡ ድምር ይወጣል። ኮሚቴ ይህን አይቶ «መምህሩ ድሮ ጽፈው አሁን አቁመዋል» ሲል ሰምቻለሁ። ሰውየው በየዓመቱ ይጽፉ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የፎንት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ በሚያውቁበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ጽሑፎቻችን በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ይተየቡ ነበር። እነዚህ ፎንቶች የ«ሀ»ን ምስል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይስላሉ፤ ዓይን አማርኛ ያያል፣ ማሽን የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ መንገድ ዳር ያሉትን የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች ያስታውሱ፤ የአንድ ትውልድ የመመረቂያ ጽሑፍ ተተይቦ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ በጥቁር ጠንካራ ልባስ ተጠርዞ የወጣው ከዚያ ነው። ያ ሁሉ ድካም ዛሬ ለማሽን አይነበብም።

አንድ ጊዜ የአንድ አንጋፋ መምህርን ዐሥራ አንድ የአማርኛ ጽሑፎች ወደ ዲጂታል ማከማቻ እንዳስገባ ተሰጠኝ። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድቼ ስለጥፍ የወጣው ነጥብ፣ ቅንፍና የላቲን ፊደል ነበር። ዐሥራ አንዱም እንዲሁ። ዕድሜ ልክ የተጻፈ ሥራ ነበር። መምህሩ አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ የተሰማኝ ሐዘን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጽሑፎቹን እንደ ገና ለመተየብ አራት ወር ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ነው የተማሪዎች ዋቢ ውስጥ መታየት የጀመሩት።

ይህን ፈተና እርስዎም አሁኑኑ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከመምህሩ የአማርኛ ፒዲኤፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድተው ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩት። አማርኛ ከወጣ ማሽኑም ያየዋል። ሌላ ነገር ከወጣ፣ ወይም ጽሑፉ ስካን ተደርጎ ጭራሽ የማይቀዳ ከሆነ፣ ያ ሥራ በ164ቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በነገራችን ላይ ጉግል ስኮላር ለአሳታሚዎች በሰጠው መመሪያ ፋይሉ ከ5 ሜጋባይት እንዳይበልጥ፣ የዋቢው ክፍልም «ሬፈረንስስ» ወይም «ቢብሊዮግራፊ» እንደሚሉት ያለ መደበኛ ርእስ እንዲኖረው ይጠይቃል። «ዋቢ ጽሑፎች» ብለን የጻፍነውን ማሽኑ ዋቢ መሆኑን የሚያውቅበት ዋስትና የለም። ስኮፐስ ደግሞ ይህን በግልጽ ደንብ አድርጎታል፤ ጆርናሉ የእንግሊዝኛ ርእስና አጭር መግለጫ፣ ዋቢዎቹም በላቲን ፊደል የተጻፉ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በፊደላችን የሚታተም ጆርናል ይዘቱ ምንም ያህል ቢጠነክር በሩ ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የማሽን ጥፋት ነው ብዬ ግን አላልፈውም። እኛው እርስ በርሳችን አንጠቃቀስም። የኮሙኒኬሽን የመመረቂያ ጽሑፎችን በብዛት አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ሁለተኛ ምዕራፋቸው ላይ የአሜሪካውያኑን የማክኮምብስንና የሾውን የአጀንዳ ቀረጻ ጥናት፣ መገናኛ ብዙኃን ሕዝቡ የሚያተኩርበትን ጉዳይ ይቀርጻሉ የሚለውን፣ ያነሳሉ። ይገባቸዋልም። ያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቻፕል ሂል በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠይቆ የተሠራ ነው፤ በ1972 ታተመ፤ በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ሆነ። አንድ ከተማ፣ መቶ ሰው! ማንም «ይህ የአካባቢ ጉዳይ ነው» ብሎ አላጣጣለውም። የእኛ ተማሪ ስለ አዲስ አበባ ሬዲዮ አድማጮች ሲጽፍ ግን ቻፕል ሂልን ጠቅሶ፣ ከእርሱ ሦስት ዓመት በፊት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለዚያው ሬዲዮ የተጻፈውን ጽሑፍ ሳይከፍት ያልፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው ይፈለጋሉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቅጥር ውስጥ አለ። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ የድሮ ጋዜጦች እዚያ አሉ። አማካሪ «ከአገር ውስጥ ማን ጽፏል?» ብሎ ካልጠየቀ ተማሪ አይሄድም። ለመምህሩ ምዕራፍ የተሰጠው 1 የዚህም ውጤት ነው፤ እኔን ጨምሮ ሁላችንም እጃችን አለበት።

ለጤና ሳይንሱ ባልደረባዎም ተገቢውን ልስጣቸው። የጉግል ስኮላርን ቁጥር እንዳለ መቀበል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የስፔን ግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስድስት የሐሰት ሰነዶች ፈጥረው ድረ ገጽ ላይ አኖሩ፤ ማሽኑ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ለቅሞ የባልደረቦቻቸውን ሳይቴሽን ከፍ አደረገላቸው። ያደረጉት ቀዳዳውን ለማሳየት ነበር፣ አሳዩም። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች የሚያመነጩትም ሳይቴሽን እዚያው ድምር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 164ቱን ይክፈቷቸው። ብዙ አይደሉም፤ የሁለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። መምህሩ ራሳቸውን የጠቀሱባቸውን፣ ያማከሯቸው ተማሪዎች የጠቀሷቸውን፣ የማያውቋቸው ሰዎች የጠቀሷቸውን ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ የማያውቋቸው ሰዎች ከጠቀሷቸው ውስጥ ዐሥሩን አንስታችሁ ጽሑፉ በምን መንገድ እንደተጠቀሰ አንብቡ። «ተጨማሪ ይመልከቱ» ተብሎ በቅንፍ ከሌሎች አምስት ስሞች ጋር መሰለፍና፣ አንድ ሰው ክርክሩን ተቀብሎ ወይም ተከራክሮት ሁለት ገጽ መጻፉ አንድ ላይ አይቆጠሩም። ስኮፐስም ጉግል ስኮላርም ግን ሁለቱንም 1 ብለው ነው የሚቆጥሩት።

ቁጥር ውስጥ ፈጽሞ የማይገባውንም ጠይቁ። የኮሙኒኬሽን ምሁር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጽሑፍ በማይጠቀስበት ቦታ ነው፤ በዜና ክፍል የሥልጠና ሰነድ፣ በማስተማሪያ ሞጁል፣ በፖሊሲ ምክክር። ለመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ረቂቅ በተደረጉ ውይይቶች አሳብ ያቀረበ ምሁር ቢኖር አሳቡ ከአንቀጾቹ አንዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አዋጅ ግን ዋቢ አይዘረዝርም። የእርስዎ መምህር እንዲህ ያለ ድርሻ ካላቸው ማስረጃውን ራሳቸው ያቅርቡ፤ የግብዣ ደብዳቤ፣ ያቀረቡት ወረቀት፣ የሥልጠናው ሰነድ። የቃል ምስክርነት ብቻ አይበቃም፤ በዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ።

የጆርናሎቹን ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ደግሞ በአጭሩ ላንሳ። ዩጂን ጋርፊልድና ኧርቪንግ ሼር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበጁት ጆርናል ለመምረጥ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት እኛም የትኛውን ጆርናል እንግዛ ብለን እናየዋለን። ሰው ለመመዘን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫም ለቅጥርና ለዕድገት እንዳይውል ይጠይቃል። ከመዝገቡ ላይ ሰርዙት።

እንግዲህ ኮሚቴው ምን ያድርግ ለሚለው፦ ፋይሉን አትመልሱ፣ ገና አላነበባችሁትም። መምህሩ ከሥራዎቻቸው የሚያኮሯቸውን ሦስት ይምረጡ፤ ቢያንስ አንዱ በአማርኛ የተጻፈ ይሁን። ከዘርፉ ሁለት ገምጋሚዎች፣ አማርኛን በሚገባ የሚያነቡ፣ ሙሉውን አንብበው በጽሑፍ አስተያየት ይስጡ። ቁጥሩ ከአስተያየቱ ጎን ይቀመጥ፤ ከየትኛው ዳታቤዝ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የስም አጻጻፍ እንደተገኘ ተጽፎበት።

መምህሩ በበኩላቸው ዛሬውኑ የሚያስተካክሉት ነገር አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ባለ 16 አኃዝ ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ ያውጡ፣ ሦስቱንም የስም አጻጻፎች እዚያ ያስመዝግቡ። በጉግል ስኮላር ገጻቸው ላይ ተደጋግመው የተመዘገቡትን ጽሑፎች ምልክት አድርገው ያዋሕዱ፣ የተሳሳተውን ዓመት በእጃቸው ያርሙ። ለስኮፐስ የተበተኑ መዝገቦች እንዲዋሐዱ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ክፍያ የለውም። ከዛሬ ጀምሮም አንድ አጻጻፍ መርጠው በዚያ ብቻ ይፈርሙ። የድሮ ፎንት ያለባቸውን ጽሑፎች እንደ ገና ማስተየብ ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ያንን ወጪ የትምህርት ክፍሉ ቢሸፍን እወዳለሁ፤ ሥራው የእርሱም ነውና።

ስለ ሬዲዮ ዜና የተጻፈውን ምዕራፍ ፒዲኤፍ ያላያያዙት ይመስለኛል፤ እኔ ያነበብኩት የታተመውን ነው። ካለዎት ይላኩልኝ። ምዕራፉ ለማሽን የሚነበብ መሆኑን አይቼ፣ በስኮፐስ የቀሩትን ሁለቱን አጻጻፎች ፈልጌ፣ ኮሚቴው ቀጣዩን ስብሰባ ከማድረጉ በፊት ውጤቱን አሳውቅዎታለሁ።